የሳዶቅ ምስክርነት

በለንደን አማርኛ ተናጋሪ ጴንጤዎች መካከል ሳዶቅን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት በሂትሮው ኤርፖርት የገባ ነው፣ ወይ እሑድ እሑድ የሚተኛ ነው። ልጁ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። አዘቦት ቀን ኤድመንተን ውስጥ አንድ መጋዘን ካርቶን ሲደረድር ይውላል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ከኬኒንግተን እስከ ካሌዶኒያን ሮድ እየተጋበዘ ይመሰክራል። ማይክ ሲይዝ እጁ አይንቀጠቀጥም። የት ላይ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የት ላይ ቆም ብሎ ውሃ እንደሚጎነጭ ጠንቅቆ ያውቃል። «የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጌታ ከግብረ ሰዶም መንፈስ ነፃ አወጣኝ» ሲል አዳራሹ በእልልታ ይናጋል። እናቱ ኤልፍነሽ ከፊት ወንበር ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ አጠገቧ ያለችው ሴትም ትከሻዋን መታ መታ ታደርጋታለች።

ውሸቱን ነው። ከሳዶቅ የወጣ ምንም ነገር የለም። ያኔም ልቡ የሚሄደው ወደ ወንድ ነበር፣ አሁንም ወደዚያው ነው፤ ይህንንም ከማንም በላይ ራሱ ያውቀዋል። ግን በእሱ ላይ ጣታችንን ከመቀሰራችን በፊት ይቺን ውሸት እነማን እንዳጎረሱት ብናይ ይሻላል። ካጎረሱት ውስጥ አብዛኞቹ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእናቱ ነው። ኤልፍነሽ ለንደን የገባችው ዱባይ ቤታቸውን ስትጠርግላቸው ከነበሩ ባልና ሚስት ጋር ነው። ለዕረፍት ይዘዋት መጡ፤ ፓስፖርቷን ሻንጣቸው ውስጥ ቆለፉበት። እሷም አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ በዚያው ቀረች። እንግሊዝኛ የላትም፤ የምታውቀውም ሰው አልነበረም። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማ ስታለቅስ አንዲት ሐበሻ ሴት አገኘቻትና ምንም ሳትጠይቅ ቤቷ ወሰደቻት። ብፅዓት ትባላለች። ኤልፍነሽ ብዙ ወራት በብፅዓት ሶፋ ላይ ተኛች። ጠበቃ የፈለገላት የብፅዓት ባል፣ የአውቶቡስ ሾፌሩና የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌ ጋሽ ብርሃኑ ነው። እናቷ አዲስ አበባ ሲሞቱ ለቅሶ የተቀመጡላት፣ ምግብ እየያዙ የመጡት፣ ያስተኟት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ኤልፍነሽ «ቤተ ክርስቲያኔ» ስትል ስለ እምነት ብቻ ማውራቷ አይደለም። ቤተሰብ ማለቷ ነው።

ወረቀቷ ተሳክቶ ልጇን ከአያቱ ቤት ስታስመጣው ሳዶቅ ስድስት ዓመቱ ነበር። ኤርፖርት ላይ ይቺን አቅፋው የምታለቅስ ሴት አላወቃትም፤ እንደ እንግዳ «እርስዎ» አላት። ትልልቆቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። የሳቀው የብፅዓት ልጅ ኖላዊ ብቻ ነው። እኩያው ነበር። ስቆ ሲያበቃ የሳዶቅን እጅ ይዞ ወደ መኪናው ጎተተው። ሳዶቅ በዚህ አገር መጀመሪያ የለመደው ሰው እሱ ነው፤ እናቱን እንኳ የለመዳት ከእሱ በኋላ ነው።

አብረው አደጉ። አንድ ሰፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ እሑድ ደግሞ አንድ አዳራሽ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ሕንፃ የላትም። ከካሌዶኒያን ሮድ ጀርባ ያለ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ነው የምትከራየው፤ እነሱ ጠዋት ጨርሰው ሲወጡ የእኛዎቹ ከሰዓት ይገባሉ። መግቢያው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የቀስተ ደመና ጨርቅ ተሰቅሏል። የእኛዎቹ መጀመሪያ ሲያዩት ደስ ነበር ያላቸው። «የኖኅ ቃል ኪዳን» አለች ብፅዓት፣ ሰውን ሁሉ ከፊቱ አሰልፋ ፎቶ አስነሣች፤ ፎቶውም የቤተ ክርስቲያኒቱ የምሥረታ በዓል ፖስተር ሆኖ በየስልኩ ተላከ። ማንቸስተር ያለ አንድ ዘመድ ደውሎ ጨርቁ የግብረ ሰዶማውያን ባንዲራ መሆኑን እስኪነግራቸው ድረስ በዚያ ፖስተር ሲኩራሩ ሰነበቱ። ከዚያ ወዲህ ጨርቁ በየእሑዱ አገልግሎት ሳይጀመር ይወርዳል፣ እንግሊዞቹም እንዳያውቁ ማታ ተመልሶ ይሰቀላል። ይህ ሥራ ለሁለቱ ልጆች ተሰጠ።

ጨርቁ ለአንድ ሰው አይሆንም። እንደ አንሶላ ነው፤ ግራና ቀኝ ይዘው እየተቀራረቡ ነው የሚያጥፉት። መጨረሻ ላይ ጫፍ ከጫፍ ሲገናኝ ጣት ከጣት ይገናኛል። ከልጅነት ጀምሮ ሲያደርጉት ምንም አልነበረበትም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ግን ሳዶቅ ቅዳሜ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ያንን ጨርቅ ማጠፍ ሲያስብ ራሱን አገኘው።

እጅ ለእጅ ግን ድሮም ይያያዙ ነበር። ልጆቹ ከአዳራሹ ወደ ማዕድ ቤት፣ ከማዕድ ቤት ወደ ደረጃው ተያይዘው ሲሄዱ ያየ ትልቅ ሰው ሁሉ ልቡ ቅቤ ይጠጣ ነበር። አገር ቤት ወንድ ከጓደኛው ጋር እጁን ይዞ፣ ትከሻውን አቅፎ ነው የሚሄደው፤ በዚያ ክፋት የሚያይ የለም። ጋሽ ብርሃኑ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳያቸው ነበር።

«እነዚህን እያቸው» ይላል። «እዚህ አገር አድገው ባህላቸውን አልጣሉም። የፈረንጅ ልጅ ወንድሙን እንኳ አይነካም።»

ትምህርት ቤት ሌላ ነው። እዚያ ሁለት ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ቢነካኩ ስም ይወጣላቸዋል፤ ስሙም እስከ መጨረሻው ክፍል ይከተላቸዋል። ስለዚህ ልጆቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ይላቀቃሉ፣ ሲገቡ ይያያዛሉ። ለንደንን የሚያህል ከተማ እጅ ለእጅ መያያዝ የሚችሉበት አንድ ቦታ ቢኖር ያንን ጨርቅ ከግድግዳው የሚያወርደው አዳራሽ ነበር። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው መርቀው ሸፈኗቸው። ይህን ሳስብ መሳቅ ያምረኛል፤ ግን ሳቁ አይመጣልኝም።

አንድ እሑድ ወንበር የሚደረደርበት የጀርባው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳለ ኖላዊ እጁን አልለቀቀም። ታች ሰዎች ይበላሉ፤ ማንም አይጠብቃቸውም። ሳዶቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጠየቀው።

«አንተም እንደኔ ነህ?»

«ዝም በል» አለ ኖላዊ።

«ንገረኝ።»

«ዝም በል አልኩህ እኮ፣ ሳዶቅ።» ይህን እያለ እጁን ይበልጥ አጥብቆ ያዘው። ሳዶቅ መልሱን አገኘ። ያን ቀን እንደተደሰተ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተደስቶ አያውቅም። ሁለት መሆናቸው በቃው፤ ሁለት ከሆኑ አንዱ ቢወድቅ ሌላው የሚያነሣው መስሎት ነበር።

የፋሲካ ለት ጉድ ፈላ። አገልግሎቱ አልቆ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዶሮው ቀርቧል፣ ሰው ሁሉ ጠግቦ ተጫዋች ሆኗል። ልጆቹ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እጃቸው ጠረጴዛው ላይ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ወትሮው ተያይዟል። ጋሽ ብርሃኑ ከበርሚንግሃም ለመጣ እንግዳ ያችኑ የለመዳትን ንግግር ጀመረ፤ «ባህላቸውን አልጣሉም» አለ። የኖላዊ ትንሽ እህት ማህደር፣ ለንደን የተወለደችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አጥንት እየጋጠች ቀና አለች።

«ዳዲ፣ በእኛ ስኩል ቦይስ እንደዚህ ከተያያዙ ጌይ ናቸው ነው የሚባለው» አለች።

ክፋት አልነበራትም። አባቷ የማያውቀውን ነገር ማሳወቋ ነበር። ግን ሰው ሁሉ ለዓመታት ሲያየው የኖረውን ሁለት እጅ ገና ያን ጊዜ አየው። የበርሚንግሃሙ እንግዳ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ። ጋሽ ብርሃኑ ፊቱ ሲጠቁር ታየ፤ ልጁን ተመለከተው።

ኖላዊ እጁን መንጭቆ ጠረጴዛው ስር ደበቀው።

«እሱ ነው የሚይዘኝ» አለ።

አራት አምስት ጊዜ አልደገመውም፤ አንዴ ነው ያለው፣ ያውም ቀስ ብሎ። ግን በቃ። የሳዶቅ እጅ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ቀረ። ማንሣት እንዳለበት እንኳ አልታወቀውም። ኤልፍነሽ ማዕድ ቤት ሰሃን ስታጥብ ነበርና አልሰማችም።

የሰማችው ረቡዕ ጠዋት ነው። ብፅዓት በየማለዳው በስልክ የምትመራው የሴቶች ጸሎት አለ፤ ሃምሳ ያህል ሴት ሥራ እየሄደም እየበላም መስመሩ ላይ ይገባል። ብፅዓት የጸሎት ርዕስ ታቀርባለች፣ ሌሎቹ አሜን ይላሉ። በዚህ አገር የሐበሻ ወሬ እንደ ጸሎት ርዕስ የሚፈጥንበት መንገድ የለም፤ ማንም ሐሜተኛ ሳይባል ሁሉም ይሰማል። ኤልፍነሽ ያን ቀን ወደምታስታምማቸው አሮጊት ቤት በአውቶቡስ እየሄደች፣ ማዳመጫውን በጆሮዋ ሰክታ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ብፅዓት እያለቀሰች፣ በእውነት እያለቀሰች፣ «በግብረ ሰዶም መንፈስ ስለተያዘው ስለ ልጃችን ስለ ሳዶቅ» አለች። ኤልፍነሽ ከሌሎቹ ጋር አብራ «አሜን» ካለች በኋላ ነው ስሙ የገባት። ከአውቶቡሱ የት እንደወረደች አታስታውስም።

ማታ ልጇን ኩሽናው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። አልመታችውም፤ አልጮኸችም። ቢመታ ይሻለው ነበር።

«እውነት ነው?» አለችው።

«ኖላዊም» የሚል አንድ ቃል ሳዶቅ አፉ ላይ ነበረ። ቢናገር እናቱ አታምነውም፤ ብታምነው ደግሞ ይብሳል፤ ያን ሶፋ፣ ያን ጠበቃ፣ ያን ለቅሶ የሰጣትን ቤት ልታፈርስ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኖላዊ ራሱ እንዲናገረው ፈለገ። ይናገራል ብሎ አምኖ ነበር። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ «ደንግጬ ነው፣ እኔም እይዘው ነበር» ይላል ብሎ ጠበቀ።

«እማ…» አለና አቋረጠ።

«ይቺን ቤተ ክርስቲያን ካጣሁ ማን አለኝ?» አለች ኤልፍነሽ። «እዚህ አገር ብሞት ማን ይቀብረኛል? አንተ ብቻህን ሬሳዬን ይዘህ የት ትሄዳለህ? እሑድ ይጸልዩልሃል። እሺ በላቸውና ይለቅህ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም።»

እሑድ ፓስተር ጥላዬ ሳዶቅን ወደ ፊት ጠራው። ፓስተሩ ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ድመት እንኳ አይቆጣም ይባላል። ልጁን አንበረከኩት። ሽማግሌዎቹ ከበቡት፣ እጃቸውን ጫኑበት፤ ራሱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ጀርባው ላይ። ጋሽ ብርሃኑ ከሁሉም በላይ ይጫን ነበር፤ የራሱ ልጅ ላይ ያየውን ፍርሃት በሰው ልጅ አናት ላይ የሚያራግፍ ይመስላል። ጸሎት ሲሆን ከሥር ቀስ ብሎ ኪቦርድ መጫወት ደንብ ነው። ኪቦርዱን የሚጫወተው ኖላዊ ነው። ሳዶቅ ግንባሩ ምንጣፉ ላይ ሆኖ እነዚያን ጣቶች ሰማቸው። አንድ ኖታ እንኳ አልተሳሳቱም።

«ወጣልህ?» አለ ፓስተሩ ማይኩን እያቀረበለት።

ሳዶቅ ግንባሩን ከምንጣፉ አላነሣም። ጸሎቱ እንደገና ተጀመረ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፣ ጉልበቱ ደነዘዘ።

«ወጣልህ?»

ቀና ሲል እናቱን አያት። መሬት ተደፍታ ጫማዋ ከእግሯ ወጥቷል፤ ካልሲዋ ተረከዙ ላይ ተቀድዷል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የተቀደደ ካልሲዋ መታየቱ ከሁሉ በላይ አንጀቱን በላው። ወደ ኪቦርዱም አየ። ኖላዊ ዓይኑን ከቁልፎቹ ላይ አላነሣም።

«ወጣ» አለ ሳዶቅ።

አዳራሹ ተናጋ። ብፅዓት ሮጣ መጥታ ኤልፍነሽን አቀፈቻት፣ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ። ኤልፍነሽ ከዚያ ቀን ወዲያ አንገቷን ቀና አድርጋ መሄድ ጀመረች። ልጇ ቢታመምባትም የዳነላት እናት ሆነች፤ ይሄ ደግሞ ልጁ ጭራሽ ካልታመመባት እናት ይበልጣል።

ጴንጤ ቤት ደግሞ የዳነ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ መመስከር አለበት። መጀመሪያ በራሳቸው አዳራሽ መሰከረ። ቀጥሎ ኬኒንግተን ያለች እህት ቤተ ክርስቲያን ጠራችው፣ ለዚያም ኮት ተገዛለት። የመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ እንደ ሕፃን ተቆራርጦ ነበር። ፓስተር ጥላዬ በደግነት መከረው፤ ጨለማው ምን ይመስል እንደነበር ትንሽ ቢያሰፋው ሰው ይነካል አለው። ሳዶቅ አሰፋው። ያላየውን ጥቁር ጥላ አየሁ አለ፤ ያልሰማውን ድምፅ ሰማሁ አለ። ሰዎች እያለቀሱ ሲያቅፉት፣ ትልልቅ ወንዶች «ጸልይልኝ» ሲሉት ነገሩ እየጣመው መጣ። የአዳራሹ ጥግ ላይ ወንበር ሲደረድር የኖረ የአሮጊት አስታማሚ ልጅ፣ አሁን ከፊት ወንበር ይቀመጣል። ማልዶ ሲነሣ ራሱን ይጸየፋል፤ እሑድ ማይክ ሲሰጡት ይረሳዋል።

ጨርቁን ግን አሁንም የሚያጥፉት ሁለቱ ነበሩ። ከዳነ ምን ያስፈራል ተባለ። በፊት ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ጣታቸው ይነካካ የነበረው ቀረ፤ ኖላዊ የራሱን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ዞር ይላል፣ ሳዶቅ ያነሣዋል። አይነጋገሩም። ሳዶቅ በየእሑዱ «እኔም እይዘው ነበር» የምትለዋን ቃል ከእሱ ይጠብቅ ነበር። ቆይቶ መጠበቁን ተወ፤ በቦታው የቀረው ቂም ነው።

ሁለት ዓመት ገደማ አለፈ። ኖላዊ ከስቶ ከስቶ ኮቱ ላዩ ላይ ይንጠለጠል ጀመር። ብፅዓት ስለ ፈተና ነው እያለች በጸሎት ርዕስ ታቀርበው ነበር። አንድ እሑድ ጨርቁን አውርደው ሲያበቁ ሳዶቅን በጀርባው ደረጃ ተከተለው። እዚያው የድሮ ቦታቸው ላይ ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ።

«ጠይቅ።»

«ካንተ እንዴት ነው የወጣው? ከእኔ እንቢ አለ። ሁሉንም አደረግሁ። ጾምኩ፤ አንተ ስትመሰክር ያልከውን ቃል በቃል እያልኩ ጸለይኩ፤ በስልኬ ቀድቼ እየሰማሁ ነው የምተኛው። ምንድን ነው ያላደረግሁት?»

ሳዶቅ ክው አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ ውሸቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ኖላዊ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ኖላዊ ግን አምኖታል። እንደ ሽማግሌዎቹ፣ እንደ እናቱ፣ አምኖ በእሱ ውሸት ራሱን ሲቀጣ ከርሟል።

«ምንም አልወጣልኝም» ቢለው እዚያው ያበቃል። ሁለት ቃል ነው፤ ለዚያውም ደረጃው ላይ ሌላ የሚሰማ አልነበረም። ልጁ ያን ማታ ይተኛ ነበር፤ ምናልባትም ሁለቱም ይተኙ ነበር። ሳዶቅ ይህን አልሳተውም፤ ወለል ብሎ ታይቶታል። ግን ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ የሰማቸው ኖታዎች ጆሮው ላይ አቃጨሉ። አንድም አልተሳሳቱም ነበር።

«አንተ በሰው ፊት አልተናገርክማ» አለው። «እኔ ፊት ለፊት ወጥቼ ነው። ተደብቆ የሚወጣ ነገር የለም።»

«አባቴ አይለቀኝም። ታውቀዋለህ እኮ እሱን።»

«እንግዲህ» አለ ሳዶቅ።

ኖላዊ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ከጎኔ ትሆናለህ?»

«እሆናለሁ።»

በሚቀጥለው እሑድ፣ መዝሙሩ እንዳለቀ፣ ኖላዊ ከኪቦርዱ ተነሣና ማይኩን ከመዘምራኑ እጅ ወሰደ። ከፍ ዝቅ አላደረገም፤ ውሃ አልጎነጨም፤ ጥቁር ጥላም አላየም። «እኔም እንደ እሱ ነኝ» አለ። «ያን ጊዜ የሳዶቅን እጅ እኔም እይዝ ነበር። መጀመሪያ የያዝኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው።»

ሳዶቅ ያቺን ቃል ሲጠብቅ ኖሮ ሰማት። ሰምቶ ምንም አልተሰማው፤ ይህ ነው ያስደነገጠው። ወደ እናቱ ዞረ። ኤልፍነሽ ቃሉ የገባት አይመስልም፤ ገብቷት ይሆናል፣ ግን የምታየው ፓስተሩን ነው። ብፅዓት አፏን በእጇ ይዛለች። ጋሽ ብርሃኑ ቆሟል፤ መቀመጥ ጠፍቶበታል።

«ወንድም ሳዶቅ» አለ ፓስተር ጥላዬ። «ጌታ ነፃ ያወጣህ አንተ ነህ። ና፣ እጅህን ጫንበት።»

ኖላዊ ተንበርክኮ ነበር። ሳዶቅ ሄዶ እጁን አናቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ሲነካው የመጀመሪያው ነው። ፀጉሩ በላብ ረጥቧል፤ ከመዳፉ ሥር የልጁ ራስ ይንቀጠቀጣል። ጸሎቱ ተጀመረ። ኪቦርድ የሚጫወት ስላልነበረ ከሥር ምንም ድምፅ አልነበረም፤ የሰው ጩኸት ብቻ ነው።

«ወጣልህ?» አለ ፓስተሩ።

«አልወጣም» አለ ኖላዊ።

አዳራሹ አጉረመረመ። እንደገና ጸለዩ፤ እንደገና ተጠየቀ፤ እንደገና «አልወጣም» አለ። በሳዶቅ አፍ ያልመጣው ቃል በእሱ አፍ እንደ ቀላል ነገር ወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ማይኩ በማይሰማው ድምፅ፣ ሳዶቅን ጠየቀው።

«ካንተ የምር ወጥቷል?»

ሳዶቅ አየው። ከዚያ ፊት ወንበር ላይ ያለችውን እናቱን፣ አዲሱን ጫማዋን አየ። ማይኩን ከፓስተሩ እጅ ተቀበለ። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

«እምነት አንሶት ነው» አለ። «እንጸልይለት።» የኖላዊንም ጭንቅላት ወደ ምንጣፉ ተጫነው።

ጋሽ ብርሃኑ ልጁን በክርኑ ይዞ በማዕድ ቤቱ በር አወጣው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ለዕረፍት ሄደ ተባለ። ፓስፖርቱን አጎትየው ይዞታል። እስካሁን አልተመለሰም፤ ማህደር አንዳንዴ ስለ እሱ ትጠይቃለች፤ የሚመልስላት ግን የለም። ሳዶቅም ስሙን በምስክርነቱ መሃል ያስገባዋል፤ ስለዚያ እምነት ያነሰው ጓደኛው ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ኖላዊ በማዕድ ቤቱ በር የወጣ ዕለት ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሳዶቅ ብቻውን መግቢያው ላይ ጨርቁን ዘረጋው። ለአንድ ሰው አይሆንም፤ አንዱን ጫፍ ሲሰቅል ሌላው ይወድቃል። ኤልፍነሽ ሰሃኗን በፌስታል ይዛ ስትወጣ አየችውና ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች።

«ልያዝልህ» አለች።

ወንበር ላይ ወጥታ ጫፉን ያዘች። ከዚያ ምሽት በፊት ያንን ጨርቅ በእጇ ነክታው አታውቅም። ፊቷ በርቷል፤ ዛሬ ስንት ሰው አመስግኗታል። ሳዶቅ በሌላው ጫፍ ሆኖ መንጠቆውን ይፈልጋል፤ እንባው ስለፈሰሰ አይታየውም። እሷ ግን የምታየው ጨርቁን ነበር።

«ያንተ ጎን ዝቅ ብሏል፣ ልጄ» አለችው። «ትንሽ ከፍ አድርገው።»

ከፍ አደረገው።